ለአፍንጫም ይለቀሳል

ውድ እህቴ፣

ባለፈው ስንደዋወል «ዓይኔ ያያል፣ ጆሮዬ ይሰማል፤ ለአፍንጫ ደግሞ ይለቀሳል?» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። ይለቀሳል እንጂ! ቡና ቆልተሽ ለሰው ስታዞሪ አንቺ ጭሱን በዓይንሽ ብቻ የምታዪ ሆነሻል። ዶሮ ወጡ አፍሽ ውስጥ ጨውና ማቃጠል ብቻ ነው። የእማማን ነጠላ ከአገር ቤት አስመጥተሽ ፊትሽን ብትቀብሪበት ጠረኗን አጣሽው፤ ያን ቀን እንደገና የሞተችብሽ ያህል ቢሰማሽ ማን ይፈርድብሻል? ለዚህ ሐዘን ለቅሶ የሚደርስ ጎረቤት የለም። እኔ ግን ደርሻለሁ፤ እግዜር ያጽናሽ።

«ተስፋ ቆርጫለሁ» ያልሽውን ግን አልቀበልሽም። ሐኪሙ ፕሬድኒሶን የሰጠሽ ሰሞን «ሽንኩርቱ ሸተተኝ!» ብለሽ እየጮኽሽ ደውለሽልኝ ነበር። ኪኒኑ ሲያልቅ ሽታውም ጠፋ፤ አንቺም ያን በሐዘንሽ ላይ ደረብሽው። ለእኔ ግን ትልቅ ምሥራች ነው፤ የማሽተት ነርቭሽ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ኪኒን ባልቀሰቀሰው። ከአፍንጫሽ ጣሪያ ያለውን ማሽተቻ አፍንጫሽ ውስጥ የበቀለው ሥጋ፣ ፖሊፕ የሚሉት፣ ጋርዶታል፤ ብግነቱም አዳክሞታል። ሁለቴ ቀዶ ጥገና ተደርጎልሽ ሥጋው መልሶ የበቀለውም በማንም ጥፋት አይደለም፤ ቀዶ ጥገና የበቀለውን ያነሣል እንጂ የሚያበቅለውን ብግነት አያቆምም።

ባዮሎጂክ የሚባሉት መርፌዎች የሚሠሩት እዚያ ሥሩ ላይ ነው። ዱፒክሰንት እየተባለ የሚሸጠው ዱፒሉማብ፣ ኢንተርሉኪን 4 እና 13 የተባሉት ብግነት ቀስቃሾች መልእክታቸውን እንዳያደርሱ ያግዳል። አሜሪካ ለአፍንጫ ፖሊፕ የፈቀደችው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኦማሊዙማብ በ2020፣ ሜፖሊዙማብ በ2021 ተከተሉት። ዱፒሉማብ በተፈተነባቸው ሁለት ጥናቶች 724 ሕሙማን ነበሩ። ሲጀመር ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጨርሶ አያሸቱም ነበር። መርፌውን ከወሰዱት መካከል በ24ኛው ሳምንት ጨርሶ የማያሸቱት ከሢሶ በታች ሆኑ፤ የማስመሰያ መርፌ የተወጉት ግን እዚያው በነበሩበት ቀሩ። እነዚያ ሰዎች እንዳንቺው ተስፋ የቆረጡ ነበሩ ብዬ አስባለሁ።

አላባብልሽም፤ ለሁሉም አይመለስም፣ ለተመለሰለትም ሙሉ ላይሆን ይችላል። መርፌው ሲቆም በሽታው ሊያገረሽ ይችላል። አንዳንዱን ዓይኑን ያቀላዋል፣ ያሳክከዋል። በየሁለት ሳምንቱ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ስለሆነ፣ ከለመድሽው፣ ቤትሽ ራስሽ ትወጊዋለሽ። ዋጋው ያለ ኢንሹራንስ የሚቀመስ አይደለም፤ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ እምቢ ቢልሽ ግን ያ የመጨረሻ ቃል አይደለም፣ ይግባኝ ይባላል።

እስከዚያው ወጥ ቤትሽ ውስጥ ጋዝ ሲያፈተልክ የሚጮኸውን መሣሪያ አስገጥሚ፤ ይህን ለነገ አትበዪው። ሐኪሙ ጋ ስትቀርቢ ስለ ፕሬድኒሶኑና ስለ ሽንኩርቱ በደንብ ንገሪው። አስም እንዳለብሽ፣ አስፕሪን ስትውጪም ትንፋሽ እንደሚያጥርሽ አትደብቂው፤ ከፖሊፑ ጋር ሦስቱ አንድ ላይ የሚመጡ ሕመሞች ናቸው። ቀጠሮ እንደያዝሽ ቀኑን ላኪልኝ፤ የኢንሹራንሱን ወረቀት በስልክ አብረን እንሞላዋለን።

ወንድምሽ