ዝም አይነቅዝም

ዲክሲስ የስንዴና የገብስ አገር ናት። እናቴ እዚያ ስታሳድገን «ዝም አይነቅዝም» የምትለውን ተረት ታዘወትር ነበር። ነቀዝ የጎተራ እህል ሲያወድም ላየ ገበሬ፣ ዝምታን ከማይነቅዝ ነገር መቁጠር ትልቅ ምስጋና ነው።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት የጡት ካንሰር ስላገኛት ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ አመጣኋት። በክንዷ ደም ሥር የሚገባው ዶክሶሩቢሲን የተባለ ቀይ መድኃኒት ነበር። የመድኃኒቱ ዘር በጣሊያን አገር ከተወሰደ አፈር በተገኘ ረቂቅ ተሕዋስ መሆኑን አንብቤ ነገርኳት። «አፈርማ መቼ ይከዳል!» ብላ ፈገግ አለች።

እኔም ከጎኗ ተቀምጬ የጀመርኩትን ግጥም ቀለም መቁጠር ያዝኩ። በባንክ መስኮት አንዲት ብር ብትጎድል የሚነቃው ዓይኔ የእናቴን ክንድ አላየም። ቀና ስል የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች፤ መርፌው የገባበት ሥፍራ አብጧል።

«እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ይለበልበኛል። መድኃኒት አይደል?»

ነርሷ እየሮጠች መጣች። ፍሰቱን ዘጋች፤ መርፌውን ግን ወዲያው አልነቀለችም። የሚመለሰውን ያህል በባዶ ሲሪንጅ ስባ ካወጣች በኋላ ነቀለችው። ያበጠውን ዙሪያ በእስክሪብቶ ከበበች፤ ክንዷን ከፍ አድርጋ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ አኖረችበት፤ እንዳናሸውም አስጠነቀቀችን። ይህ መድኃኒት ከደም ሥር ካመለጠ ሥጋ ይገድላል፤ ቁስሉም ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊወጣ ይችላል አለችን። ቅዝቃዜውም ለሁሉ አይሆንም፤ ያመለጠው ቪንክሪስቲን ቢሆን ኖሮ የሚያስፈልገው ሙቀት ነበር። የዶክሶሩቢሲን ማርከሻ ዴክስራዞክሴን ሲሆን በ6 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በዚያ ቀን ግን አልተገኘም።

«እማማ፣ ሲለበልብዎት ምነው ሳይጠሩኝ?»

«ሥራ በዝቶብሽ አይቼ ነው ልጄ።»

ክንዷ ጠቁሮ ቆሰለ፤ ለመሻርም ብዙ ሳምንታት ፈጀ። ዝምም ይነቅዛል ለካ። የምትታከም እናት ያለችህ አንባቢ ሆይ፣ ዝምታዋን አትመን፤ ክንዷን እይ።

ሕክምናው ሲቀጥል ደብተሬን ቤት ትቼ ሄድኩ። በየደቂቃው «ይለበልብሻል?» እያልኩ ሳስቸግራት ሳቀች።

«ኧረ ተወኝ አንተ ልጅ፤ ካመመኝ እጮሃለሁ!»

እናቴ «እጮሃለሁ» ስትል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።