ምላስ የማይፈርድበት ቅመማ

እናቴ ቤት ሚዛን የለም። ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ለዓመታት ጠጅ ስትጥል መለኪያዋ አንድ ቢጫ ጀሪካንና የገዛ ዓይኗ ነው። «ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውኃ» ትላለች። ጌሾው ግን «እንዳየሁት» ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን መድኃኒት ቤት የፈጀሁ ድራጊስት ነኝ። ስለ ልኬት ያልተጨቃጨቅንበት በዓል የለም።

ባለፈው የእህቴ ልጅ ከውጭ ለእረፍት መጥቶ እሷ ቤት አረፈ። አንድ ማታ ወጥ ቤት ስገባ ሦስት ጠርሙስ ደርድሮ፣ በሃይላንድ ክዳን እየቀዳ አገኘሁት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የቬፕ፣ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ ነው ጋሼ። እዚያም ራሴ ነኝ የምቀምመው፤ ይረክሳል።»

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ሙያዬ ቀደመኝ። «ኒኮቲኑን ስንት ታደርጋለህ?» አልኩት። «አንድ ክዳን። ሁለት ሚሊ ብትሆን ነው።»

ባለ 10 ሚሊ ሲሪንጅ አመጣሁና ያንኑ ክዳን በውኃ ሞልተን ሳብነው። ስድስት ሚሊ ሊትር!

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። የያዘው ኒኮቲን በአንድ ሚሊ 100 ሚሊ ግራም ያለው ነው። የሚፈልገው 60 ሚሊ ፈሳሽ ሆኖ በአንድ ሚሊ 3 ሚሊ ግራም ያለው ነው። 60 በ3 ሲባዛ 180፣ ለ100 ሲካፈል 1.8 ሚሊ ይሆናል። በክዳኑ የገባው ግን 600 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ ፈሳሹ በአንድ ሚሊ 10 ሚሊ ግራም ወጣው። ካሰበው ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። «ሰሞኑን ራሴን የሚያዞረኝ የአዲስ አበባ ከፍታ መስሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ኒኮቲኑ የሚቀላቀልበትን ግሊሰሪንም በሲሪንጅ ሊለካ ሲል ወፍራም ስለሆነ አየር እየቀላቀለ፣ የሲሪንጁ ግድግዳ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረው። ይሄኔ ከምድጃው ጥግ እናቴ ጣልቃ ገባች፦ «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር በኪሎ ነው እንጂ በሊትር ይለካል እንዴ? ማር በሊትር የሸጠልኝ ነጋዴ ዘንድ ዳግም አልሄድም።» ልክ ነበረች። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ሲመዝን፣ አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ፣ አንድ ሊትር ግሊሰሪን ደግሞ 1.26 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ወፍራም ፈሳሽ የሚታመነው በሚዛን ነው። እኔ ትምህርት ቤት የተማርኩትን እሷ ከማር ተራ ነው ያመጣችው።

ታዲያ ዓይኗ ለጠጁ ከበቃ ለቬፑ ለምን አይበቃም? ብዙ አሰብኩበት። ጠጅ ቢሳሳት ዳኛ አለው። ትቀምሰዋለች፣ ማር ትጨምራለች፣ ጌሾ ትቀንሳለች፣ ሳምንት ትጠብቀዋለች። ወጥ ጨው ቢበዛበት ምላስ ወዲያው ይጮኻል። ሳንባ ግን ምላስ የለውም። የገባበትን ዝም ብሎ ይቀበላል፤ የሚናገረው ከተጎዳ በኋላ ነው። ኒኮቲን ደግሞ በቆዳም ይገባል፤ እጅ ላይ የፈሰሰው እንኳ ቀላል አይደለም።

ልኬት ብቻውንም አያድንም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 በቬፕ ሳቢያ ሳንባቸው ተጎድቶ ሆስፒታል የገቡት፣ እስከ 2020 መጀመሪያ ሲቆጠሩ ከ2,800 በላይ ነበሩ፤ 68ቱ ሞተዋል። ዋናው ተጠርጣሪ ፈሳሹን ለማወፈር የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነው። ቆዳ ላይ ሲቀቡት፣ በክኒን ሲውጡት ጉዳት የማያመጣ ነገር ሳንባ ውስጥ ሌላ ሆነ። በ2022 ደግሞ ጋምቢያ ውስጥ ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት ያለቁት መርዛማዎቹ ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል በተገኘባቸው የሳል ሽሮፖች ሳቢያ ነው ተብሎ ይታመናል። ንጽሕናው ያልተረጋገጠ ነገር በወርቅ ሚዛን ቢመዘን ያው መርዝ ነው። ለፀጉርና ለቆዳ ብለን የምንገዛው ግሊሰሪንም ለሳንባ አልተሠራም።

በዚያ ላይ ሕጉን አነበብኩለት። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻንና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን መሸጥ ይከለክላል። «እዚህ ብሷል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ጠርሙሶቹን ግን በዚያው ሌሊት አሽጎ ሻንጣው ውስጥ ከተተ። አቆመ ብዬ አልዋሽም፤ በክዳን መቅዳቱን ግን አቁሟል።

ይህን የጻፍኩት ቬፕ አቀማመም ላስተምር አይደለም። የሃይላንዱን ክዳን ካየሁ ወዲህ የገዛ ቤታችን ስለታየኝ ነው። መድኃኒት ቤት ሳለሁ «ሽሮፑን በምን ትሰጪዋለሽ?» ስል የሚመለስልኝ «በሻይ ማንኪያ» ነበር። የማን ቤት ማንኪያ? አንዱ 3 ሚሊ፣ ሌላው 7 ሚሊ ሊይዝ ይችላል፤ ልጁ የታዘዘለት ግን 5 ነው። በረኪናውስ? በሃይላንድ ተቀድቶ ከውኃው ጎን ይቀመጣል፤ የተጠማ ሕፃን ደግሞ ጠርሙስ እንጂ ጽሑፍ አያነብም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፦ ጠጁን በዓይናችሁ ጣሉ፣ ወጡንም በዓይናችሁ ሥሩ፣ በረከት ይግባበት። ምላስ የማይፈርድበትን ነገር ግን በዓይን አትስፈሩ። ዛሬ ማታ ለልጃችሁ ሽሮፕ ስትሰጡ ማንኪያውን ተዉትና ከመድኃኒቱ ጋር የመጣውን መለኪያ ተጠቀሙ። ከሌለው መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ ሲሪንጅ ጠይቁ። በረኪናውንም አሁኑኑ ከሃይላንዱ አውጡት።