ፎርሙን ማን ይፈርም?

እኛ ባዮሎጂን የተማርነው ከቴሌቪዥን ነው። ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለው ፕላዝማ ትዝ የሚላችሁ እጃችሁን አውጡ። እስክሪን ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቅና ገና እስክሪብቷችንን ሳናነሣ «ጨረሳችሁ? በጣም ጥሩ!» ብላ ታልፋለች። እውነተኛው መምህራችን ጥግ ላይ ቆሞ እንደኛው ያያል። ላቦራቶሪም ነበረን፤ በመስኮት አሻግረን ማይክሮስኮፕ የሚመስል ነገር በላስቲክ ተሸፍኖ አይተናል። ቁልፉ ንብረት ክፍል ኃላፊው ጋ ነው ይባል ነበር። ኃላፊውን ግን በአራት ዓመት ውስጥ ያየው የለም።

ይህንን ያስታወሰን የአከራያችን ልጅ ናት። ሦስታችንም ዛሬ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ፣ እትዬ ቤት ምድር ቤቱን ተከራይተን እንኖራለን። አንድ ማታ ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ «ዛሬ ባክቴሪያ አበራሁ» አለች። እትዬ ሽንኩርት እያቁላሉ ነበር። «እጅሽን ታጥበሻል?» አሉ፣ በቃ።

እኛን ግን አላስቻለንም፤ አስረጂን አልናት። ከጄሊፊሽ የተገኘ ዘረመል አለ፤ ፕላዝሚድ በሚባል ክብ ዲኤንኤ ላይ ተጭኗል። ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ከፕላዝሚዱ ጋር ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ አድርጎ በረዶ ላይ ማቆየት፣ ከዚያ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለ50 ሴኮንድ መንከር፣ መልሶ ወደ በረዶ። በዚያ ድንጋጤ ዲኤንኤው ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አራቢኖስ የተባለ ስኳር ያለበት ምግብ ላይ ይዘራል፤ በማግስቱ አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ስኳሩ ከሌለ አያበራም፤ ማብሪያ ማጥፊያው እሱ ነው። 50 ሴኮንድ! እኛ ፕላዝሚድን ለፈተና ስንሸመድድ የፈጀነው ጊዜ ስንት ነበር?

ዕቃው ባዮ-ራድ የተባለ፣ ከበርክሌይ በስተሰሜን ሄርኩለስ ከተማ ያለ ኩባንያ ለትምህርት ቤቶች አዘጋጅቶ የሚሸጠው ነው። ሽያጭ ነው፣ ይሁን። የገረመን ሌላው ነው። ልጅቷ ያለችበት ባዮቴክ ፓርትነርስ የሚባለው ፕሮግራም የመጣው ከልግስና ሳይሆን ከድርድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ዛሬ ባየር የሚባለው፣ ያኔ ማይልስ በሚል ስም ይሠራ የነበረው የመድኃኒት ኩባንያ በርክሌይ ያለውን ግቢውን ማስፋፋት ፈለገ። ከተማዋ የ30 ዓመት ውል ስትዋዋለው፣ በምላሹ ለነዋሪው ምን እንደሚያደርግ እዚያው ወረቀት ላይ አስገባች። አንዱ የአካባቢውን ልጆች ማሠልጠን ነበር። ፕሮግራሙ በ1993 ተጀመረ፤ በኋላ ኦክላንድ ቴክም ገባ። ልጆቹ ከመምህራኖቻቸው ጋር ላቦራቶሪ ይሠራሉ፣ ክረምት ላይ (የእኛን ክረምት ማለታችን ነው፣ እነሱ ጋ ፀሐይ ነው) እየተከፈላቸው ኩባንያ ውስጥ ይለማመዳሉ። ውሉ ሊያልቅ ሲል፣ በ2021 መጨረሻ፣ ምክር ቤቱ ለሌላ 30 ዓመት አራዘመው።

እናም ፎርሙ መጣ። ለክረምቱ ልምምድ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል። እትዬ «እስቲ አንብቡልኝ» አሉን። ማንበቡ ባልከፋ፤ «ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?» ብለው ፍርዱንም እኛው ላይ ጣሉት። ለካስ ልጅቷ ክረምቱን ቴሌግራፍ ጎዳና፣ አክስቷ ምግብ ቤት እንድትሠራ ቃል ገብተው ኖሯል።

እዚህ ላይ ሁለት ለአንድ ተከፈልን። ያ አንዱ «ኩባንያው ነገ የሚቀጥረውን ሠራተኛ ነው ዛሬ የሚያሠለጥነው» አለ። «ደግሞስ የሄሞፊሊያ መድኃኒት እንዴት እንደሚሠራ ያስተምሯታል፤ ስንት እንደሚሸጥ ያስተምሯታል?» ሐቅ አለው። ቀጠለና ጤፍን አመጣብን። በ2005 አገራችን ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ስትዋዋል ትርፉን እንካፈላለን ተብሎ ነበር። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ የጤፍ ፓተንቱን የሄግ ፍርድ ቤት የሻረው በ2018 ነው። ለኢትዮጵያ የደረሰው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ነው። እኛ በዓመት ለእትዬ ከምንከፍለው ኪራይ ያንሳል።

ሁለታችን አልተረታንለትም። ያኛው ኩባንያ ባሕር ማዶ ነበር፤ ይኸኛው ሰፈር ውስጥ ነው፣ ሕንፃ መጨመር በፈለገ ቁጥር ከተማዋ ደጅ ይመጣል። ደግሞ እውነቱን እንናገር ካላችሁ፣ የላቦራቶሪ በር እንደተዘጋብን የተመረቅን ሰዎች ለሌላ ሰው በር ለመዝጋት ወኔውም የለንም።

ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስትሰማ ቆይታ ኖሮ «ዋጋውን እኔው እጠይቃቸዋለሁ» አለች። ትጠይቅ አትጠይቅ እንጃ፤ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው።

እትዬ «ለመሆኑ በሰዓት ስንት ይከፍላሉ?» አሉ። አነበብንላቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ትንሽ አሰቡ፣ «ለአክስቷ እኔው እደውላለሁ» አሉና በአማርኛ ፈረሙ። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ የወጥ ጠብታ ነበረች፤ በሶፍት ጠራርገን ሰጠናት።