በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያገኘነው መንገደኛ

ሐዋሳን ያየ ሰው ሁሉ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ታቦር ተራራና በአሞራ ገደል ስለሚሸጠው ዓሣ ይተርካል። እኛም ባለፈው መጋቢት ለሥራ ወደዚያ በተላክን ጊዜ ስለ እነዚሁ ልንጽፍላችሁ አስበን ነበር። ይሁን እንጂ ክብደቱ ከ12 ግራም ብዙም የማይበልጥ አንድ ወፍ ዕቅዳችንን ለወጠው።

የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ ሳይኖረው ውሃው ጨው ያልሆነ ሐይቅ ነው። በዳርቻው ያረጁ የሾላ ዛፎች ጥላቸውን ዘርግተዋል። ማለዳ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል፣ አባ ኮዳም ከአጥማጆች ጀልባ አጠገብ ቆሞ ድርሻውን ሲጠባበቅ ይታያል። በዚያ የሚኖሩ አንድ አሥር አለቃና ባለቤታቸው ተቀብለው ሲያዘዋውሩን፣ ጥቁርና ነጭ ላባ የለበሰ ወፍ ከሾላው ተወርውሮ ዝንብ ቀለበና ወደ ቅርንጫፉ ተመለሰ።

በአውሮፓ የሚፈለፈሉ ሦስት ጥቁርና ነጭ ዝንብ አዳኝ ወፎች አሉ። የአንደኛው ወንድ አንገቱን ዙሪያውን የከበበ ነጭ ቀለበት አለው፤ የአገሩን ብርድ ሸሽቶ እስከ ደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል ይወርዳል። ሁለተኛው ቀለበት የለውም፤ የብርዱን ወራት የሚያሳልፈው በምዕራብ አፍሪካ ነው። ሦስተኛው ከቡልጋሪያና ከግሪክ እስከ ካውካሰስና ሰሜን ኢራን የሚራባ ሲሆን፣ ቀለበቱ ግማሽ ነው። ይህ ሦስተኛው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጣና ሲመለስ በኢትዮጵያ ያልፋል።

ወፉ ደረቱን ወደ እኛ አዙሮ ስለ ነበር ቀለበት አላየንም። ወዲያውኑ «የምዕራብ አፍሪካው ነው፤ መንገዱን ስቶ መጥቷል» ብለን በማስታወሻችን ጻፍን። እንዲህ ያለው ነገር በእርግጥ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2003 በሳይቤሪያ ተራብቶ ወደ ደቡብ እስያ የሚወርድ አንድ ዝንብ አዳኝ ወፍ በእንግሊዝ አገር በፍላምቦሮ ተገኝቶ፣ በብሪታንያ የመጀመሪያው ሆኖ ተመዝግቧል። ታዲያ እኛም የዚህ ዓይነት ዕድል የገጠመን መስሎን ያን ዕለት በራት ገበታ ላይ ግኝታችንን ለጓደኞቻችን ሁሉ አበሰርን።

በማግሥቱ ወደ ሾላው ስንመለስ ማስታወሻችንን ጮክ ብለን አነበብን። የአሥር አለቃው ባለቤት ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣

«መቶ አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ክንፉ ላይ ያለው ነጭ ሁለት ነው። እርስዎ የጻፉት ትልቁን ብቻ ነው» አሉን።

«እትዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ትናንትም አይቼዋለሁ። እርስዎ ደስ ብሎዎት ስለ ነበር ዝም አልኩ።»

መነጽራችንን አነሣን። ከትልቁ ነጭ በላይ አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ነበረች። ወፉም ጎኑን ሲሰጠን፣ የጉሮሮው ነጭ ወደ አንገቱ ጎን ወጥቶ ከመጋጠሙ በፊት ሲቆም በግልጽ ታየ። የጠፋ እንግዳ ሳይሆን በየዓመቱ በሰማያችን የሚያልፈው ባለ ግማሽ ቀለበት ወፍ ነበር። መንገድ የሳትነው እኛ ነበርን።

ቃኚ ዓይኑ ያየውን እንጂ ልቡ የተመኘውን ሪፖርት አያደርግም እያልን ወታደሮችን ስናስተምር ኖረናል። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነበር፤ እውነቱን ያየ ሰው ማዕረጋችንን ወይም ደስታችንን አክብሮ ዝም ማለቱ። በጦር ሜዳ ቢሆን ኖሮ ያች የአንድ ሌሊት ዝምታ ሕይወት ታስከፍል ነበር። ስለዚህ በዚያው ዕለት በምሳ ሰዓት በእነዚያው ጓደኞቻችን ፊት ቆመን ስሕተታችንን አረምን፤ ያረመን ማን እንደ ሆነም ተናገርን። አሥር አለቃው ምንም አላሉም፤ ብቻ ወደ ባለቤታቸው ዞረው ፈገግ አሉ።

በሦስተኛው ቀን ቅርንጫፉ ባዶ ነበር። መንገደኛው ወደ ሰሜን ጉዞውን ቀጥሏል።

በመጋቢትና በሚያዝያ በሰፈራችሁ ዛፍ ላይ እንዲህ ያለ ወፍ ብታዩ፣ ከልጆቻችሁ ጋር አንገቱን፣ ክንፉንና ጅራቱን አስቀድማችሁ ጻፉ። ስሙን በመጨረሻ ትደርሱበታላችሁ።