የ14 ሺህ ብሩ ሀብታም

የደመወዝ ግብር በተነሳ ቁጥር ክርክሩ «ዝቅተኛው ተከፋይ ስንት ብር ይማርለት?» ከሚለው አያልፍም። በ2008 የወጣው አዋጅ የማረለት 600 ብር ነበር፤ የ2017ቱ ማሻሻያ 2,000 አደረሰው። ደግ ነው (የወር ዘይትና በርበሬ አይሸፍንም እንጂ!)። እኔን የከነከነኝ የመሰላሉ ጫፍ ነው። በ2008 35 ከመቶ የሚቆረጠው ከ10,900 ብር በላይ ካለው ደመወዝ ላይ ነበር፤ በጊዜው የባንክ ምንዛሪ 500 ዶላር ገደማ። በ2017 ጫፉ 14,000 ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ምንዛሪ ቢመነዘር 100 ዶላር ገደማ ነው። ብሩ ወደቀ፤ የሀብታምነቱ ደፍም አብሮ ወረደ።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ «ጋሼ፣ ሀብታም መሆኔን የነገረኝ የደመወዝ ወረቀቴ ነው» ብሎኛል። በወር ሚሊዮን የሚያፍሰውም መጣኔው ያው 35 ነው። ልዩነቱ፣ ደመወዝተኛው ግብሩ የሚቆረጠው ብሩን በዓይኑ ሳያየው ነው፤ ከገማች ጋር ሻይ ቡና የሚባባልበት ዕድል የለውም።

መንግሥት «ገቢ ከጎደለ ትምህርት ቤቱ በምን ይሠራ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን መጀመሪያ የሕንፃ አከራዮቹን እውነተኛ ውል ገልጦ ይይልን፤ ከዚያ ስለ መምህሩ እንነጋገራለን።