ብቻዋን የምትጓዝ ሴትና ቢጫው ቀስት

አንዲት ሴት 780 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻዋን በእግሯ ልትጓዝ ነው ቢባሉ በመጀመሪያ ምን ይጠይቃሉ? ብዙዎቻችን «መንገድ ላይ ማን አላት?» እንላለን። ቀጥለንም «ቤቷንስ፣ ልጆቿንስ ማን ያዘላት?» ማለታችን አይቀርም። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። በየዓመቱ ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ሴቶች በሚሄዱበት በአንድ የታወቀ የተሳላሚዎች ጎዳና ላይ ምን መልስ እንዳገኙ አብረን እንመልከት።

ጎዳናው የሳንትያጎ መንገድ ይባላል። መድረሻው በሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ በጋሊስያ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የሳንትያጎ ደ ኮምፖስቴላ ከተማ ናት። የሐዋርያው ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ መቃብር በዚያ ይገኛል ተብሎ ስለሚታመን ከ9ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ተሳላሚ ሲጎርፍባት ኖሯል። ወደ ከተማዋ የሚወስዱ መንገዶች ብዙ ናቸው። ይበልጥ የታወቀው ግን በፈረንሳይ፣ ከፒሬኔ ተራሮች ሥር ካለችው ከሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር ተነሥቶ በፓምፕሎና፣ በቡርጎስና በሌዎን በኩል የሚያልፈው ነው። በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ለሚራመድ ሰው ከ31 እስከ 39 ቀን ያህል ይፈጃል።

የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ቀላል እንዳይመስልዎ። ከከተማው እንደ ወጡ ዳገቱ ይጀምርና ከ1,400 ሜትር በላይ ወደ ሆነ ከፍታ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሮንሰስቫዬስ የሚወርዱት። ይህ የተራራ መንገድ ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ማርች መጨረሻ ባሉት የብርድ ወራት ዝግ ነው። ከቡርጎስ እስከ ሌዎን ያለው አገር ደግሞ ሰፊ የስንዴ ሜዳ ነው፤ ጥላው ጥቂት ነው። ካርዮን ደ ሎስ ኮንዴስ ከተባለችው ከተማ ወጥተው 17 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪሄዱ ድረስ መንደር አያገኙም፤ ስለዚህ ውኃና ስንቅ ከዚያው መያዝ ያስፈልጋል።

ልምድ ያላቸው ተጓዦች ሸክም ከሰውነት ክብደት ከአንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ይመክራሉ። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት 6 ኪሎ ይበቃታል ማለት ነው። እኛ እናቶች «ምናልባት ቢያስፈልግ» እያልን የምንጨምረው ነው ትከሻ የሚቆርጠው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሠቃየው ግን ውኃ የቋጠረ እግር ነው። ስለዚህ ጫማው አዲስ ሳይሆን አስቀድሞ የተለመደ ይሁን፤ ካልሲውም ደረቅ ይሁን፤ ጣቶችን ጧት ጧት ቫዝሊን መቀባትም ይረዳል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ መንገድ ላይ ማን አላት? በየድንጋዩ፣ በየዛፉና በየግድግዳው ላይ ቢጫ ቀስት ተቀብቶላታል። ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት የጀመሩት ኦ ሴብሬይሮ የተባለች የተራራ መንደር ካህን የነበሩት ኤልያስ ቫሊኛ ናቸው። ቀለማቸውን ይዘው የጠፋውን ጎዳና ምልክት አደረጉበት። በየመንደሩም ተደራራቢ አልጋ ያላቸው ርካሽ የተሳላሚዎች ማደሪያዎች አሉ፤ ብዙዎቹን የሚያስተናግዱት ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ተሳላሚዋ የያዘችው ደብተር በየማደሪያው ማኅተም ይመታበታል። ጧት ብቻዋን የወጣች ሴት ማታ የሾርባ ገበታ ላይ ከእነዚያው ሰዎች ጋር ትገናኛለች፤ ብትዘገይ «የት ቀረች?» የሚል አይጠፋም።

አደጋ የለም ግን አንልም። እ.ኤ.አ. በ2015 አስቶርጋ በተባለችው ከተማ አጠገብ ብቻዋን ትጓዝ የነበረች አንዲት ሴት ተገድላለች፤ ገዳዩም በ2017 የ23 ዓመት እሥራት ተፈርዶበታል። ያ ነገር ብዙ ሴቶችን አስደንግጧል። ቢሆንም ሴቶች መንገዱን አልተዉትም፤ በ2024 ሳንትያጎ ደርሰው ከተመዘገቡት ከ490 ሺህ በላይ ተሳላሚዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች ናቸው። ከቀስቱ አለመውጣት፣ ሳይመሽ ማደሪያ መግባት፣ ያሉበትን ለቤተሰብ በየቀኑ ማሳወቅና በመላው የአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሠራውን 112 የተባለውን የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ የዛሬ ዘመን ነገር አይምሰልዎ። በ4ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ኤጌርያ የተባለች ሴት ኢየሩሳሌምን፣ ግብፅንና ደብረ ሲናን ዞራ ያየችውን ለአገሯ እኅቶች ጽፋለች። ብዙ ሊቃውንት አገሯ ጋሊስያ ነበር ይላሉ። የጽሑፏ ቅጂ በጣልያን አገር የተገኘው በ1884 ነው። እሷም ብትሆን አስጊ በሆነው ቦታ ወታደሮች አጅበዋት እንዳለፈች ትናገራለች። ጀግና ናት የተባለችው ሴት እንኳ የሌሎች እጅ አልተለያትም።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን የሚመለሰው በጎዳናው ላይ ሳይሆን በቤት ውስጥ ነው። ሠራተኛ የሆነች እናት ሠላሳ አምስት ቀን ከየት ታመጣለች? ብዙዎች ጉዞውን ይከፋፍሉታል፤ ዘንድሮ አንድ ሳምንት ሄደው፣ በሚመጣው ዓመት ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ የሄደ ሰው የምስክር ወረቀት ስለሚሰጠው ሳርያ ከተባለችው ከተማ ተነሥተው በአምስት ወይም በስድስት ቀን የሚጨርሱም አሉ። በአውሮፓ የምትኖር እኅት ወይም ልጅ ካለችዎት ለዓመት ፈቃዷ ይህን ሊነግሯት ይችላሉ።

ስድስቱ ቀን የሚገኘው ግን ባል ምሳ ሲቋጥር፣ ትልቁ ልጅ ታናሹን ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ ጎረቤትም «እኔ አለሁ» ስትል ነው። መሄጃው ስፔን ይሁን ወይም ሩቅ ያለ የዘመድ አገር፣ ነገሩ አንድ ነው። ስለዚህ እርስዎም መንገድ ካሰቡ ቦርሳውን ከማዘጋጀትዎ በፊት ቤተሰቡን ሰብስበው ሥራውን ያከፋፍሉ፤ ማን ምን እንደሚሠራ በወረቀት ጽፈው ማድ ቤት ይለጥፉ። የእርስዎም ቤት ቢጫ ቀስት ያስፈልገዋል።