ለሕፃን ልጅ የሚመች የጃፓን ዘፈን

ቤተሰቡን ይዞ ባሕር ማዶ የሄደን ወላጅ ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው የልጁ ዝምታ ነው። ለትምህርት በቶኪዮ በቆየንበት ዘመን ትንሹ ልጃችን በመዋዕለ ሕፃናቱ ለወራት አፉን ሳይከፍት ኖሮ ነበርና፣ ጓደኞቹ ካራኦኬ ሊዘፍኑ በጠሩት ጊዜ ዘፈን መምረጡ ለእኛ ዋዛ አልሆነም።

«ካራኦኬ» ማለት ባዶ ኦርኬስትራ ነው፤ ዜማውን መሣሪያው ያሰማል፣ ግጥሙ በቴሌቪዥኑ መስኮት ያልፋል፣ ድምፁን ዘፋኙ ያዋጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ፓፕሪካ» የሕፃናቱ ሁሉ ተወዳጅ ቢሆንም ቃሉ ይሮጣልና ተውነው። የመረጥነው የ1999ኙን «ዳንጎ ሦስት ወንድማማቾች» ነው፤ በአንድ እንጨት የተሰኩ ሦስት የሩዝ ዱቄት ድቡልቡሎች እንደ ወንድማማች የሚቀርቡበት፣ በታንጎ ምት የሚራመድ ዘፈን። አዝማቹ ይመላለሳል፤ ልጅም ትርጉሙን ሳይጠይቅ ይይዘዋል። (ደግሞስ ስለ ምግብ የተዘፈነውን የማይወድ ሕፃን ማን አለ?) ሂራጋና የሚባለው የጃፓኖች ጽሕፈት እንደ ፊደላችን እያንዳንዱ ሆሄ ባለ አንድ ቀለም ስለሆነ፣ ማታ ማታ ቀለም በቀለም እያስቆጠርን አስጠናነው። ዜማው ቢወፍርበት በመሣሪያው ቁልፍ ከፍ ማድረግ እንደሚቻልም አስቀድመን አየን።

በዕለቱ ድምፁ ከማጉያው እምብዛም አልወጣም፤ ሦስተኛው ወንድም ላይ ሲደርስ ግን ሕፃናቱ ተቀበሉት።